በአፍንጫ የተለካ ጨው

አስካለ በሁዳዴ የፍስክ ምግብ አትቀምስም። ሐይቅ ዳር ባለው የመንግሥት ሆቴል ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም፤ ከበረኛው እስከ ልብስ አጣቢዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጾም በገባ ቁጥር፣ ለእንግዳ ጥብሱንም ቅቅሉንም እየሠራች ማንኪያ ወደ አፏ አስጠግታ አታውቅም። የድስቱን ክዳን ከፈት ታደርጋለች፣ እንፋሎቱን በመዳፏ ወደ ፊቷ ትስባለች፣ አንዴ በረጅሙ ታሸታለች። ከዚያ ወይ «አንድ ቁንጥር ጨው» ትላለች፣ ወይ ክዳኑን ትመልሳለች። በቃ። ሳህን የመለሰ እንግዳ ግን አልነበረም።

«ጨው ይሸታል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቃት ሞልቷል።

«ጨውማ አይሸትም። የሚሸተው ወጡ ነው» ትላለች። «ጨው ያነሰው ወጥ ሽታው ይተኛል፣ የበዛበት ይቆጣል። ይሄ እንዴት አይገባችሁም?»

የማይገባቸው ብዙ ነበሩ። ግን በልተው ስለሚጠግቡ አይከራከሯትም። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው እንግዲህ የሚከራከር ሰው የመጣው።

ሙሴ ፔዮ ይሉታል። የሆቴሉን ወጥ ቤት ሦስት ወር እንዲያስተምር የተላከ ፈረንጅ ነው፤ ስልሳን የተሻገረ፣ ቦርጫም፣ ሲስቅ የተደረደረ ብርጭቆ የሚያንቀጫቅጭ። ፈረንሳዊ ሲሉት ደስ አይለውም። አገሩ ባስክ ነው፤ ፈረንሳይና ስፔን የሚዋሰኑበት፣ ተራራውም ባሕሩም ያለበት፣ ቋንቋውም ለብቻው የሆነ አገር። ወጣትነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛ ይናገራል፤ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትንሹንም ትልቁንም «አንተ» ነው የሚለው። ሥራ አስኪያጁን ጓድ ግዛቸውን እንኳ በመጀመሪያው ቀን «አንተ ግዛቸው፣ ሽንኩርት የት ነው?» ቢለው ወጥ ቤቱ በሙሉ አቀርቅሮ ሳቁን ዋጠ።

አስካለ አልሳቀችም። የምታስበው ሌላ ነገር ነበር። የወጥ ቤት ኃላፊው ቦታ ከመስከረም ጀምሮ ክፍት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ኃላፊዎች ተራ በተራ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ሁለቱንም የሐይቁን ዓሣ አበላለት ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ ሁለቱም ተምረው ሲጨርሱ ዕድገት አግኝተው ሄዱ፣ እሷ እዚያው ምድጃዋ ጋ ቀረች። አሁን ጓድ ግዛቸው ቢሮው አስጠርቶ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገራት።

«ሙሴ ፔዮ ምስክር ወረቀትሽ ላይ ከፈረመ እኔም እፈርማለሁ፤ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ካልፈረመ ግን፣ ሰው ላኩልን የሚለው ደብዳቤ ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።»

አስካለ ከቢሮው ስትወጣ ከራሷ ጋር ተማምላ ነበር። ሦስተኛ ሰው ዓሣ አበላለት ማስተማር አንጀቷ አልቻለም።

ታዲያ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ጉድ ፈላ። ሙሴ ፔዮ አጠገቧ ቆሞ ክዳን ስትከፍት አያት፣ ስታሸት አያት፣ ክዳኑን መልሳ ዘወር ስትል አያት። ማንኪያ አንስቶ ሰጣት፤ አልተቀበለችውም።

«አስካለ፣ አንተ ለምን አይቀምስም?»

«ጾም ነው፣ ሙሴ።»

«ጾም እኔም አውቃለሁ። እናቴ ትጾም ነበር። ትቀምስና ትተፋለች።»

«እናትዎ ይትፉ። እኔ አፌ የገባ ነገር ገብቷል።»

ሙሴ ፔዮ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። «አርባ ዓመት ወጥ ቤት ነኝ» አለ። «የማይቀምስ ወጥ ቤት አላየሁም። አንተ ካልቀመሰ እኔ አልፈርምም።»

አስካለ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ የጾመችውን ሁዳዴ ለአንዲት ወረቀት ልትፈታው? ምን ቆርጧት። ወረቀቷን ግን ትፈልጋታለች፣ አጥብቃ ነው የምትፈልጋት። ሲጨንቃት ቀማሽ ፈለገች፤ እኔ ላሽትት፣ ሌላ ሰው ቀምሶ ይመስክርልኝ ብላ።

ወጥ ቤቱን አንድ በአንድ ስታየው ሊቀምስ የሚችል ሰው እንደ ልብ የለም። ሴቶቹ ሁሉ ይጾማሉ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዘው ጠሀ የቡታጅራ ሰው ነው፣ እስላም ነው፣ አፉም ስለታም ነው፤ ምግብ ሲያማርጥ የሚያክለው የለም። ለፍርድ የተፈጠረ ነበር። ግን ለሆቴሉ በግ የሚያርደው ታምሩ ስለሆነ ጠሀ ሥጋውን አይነካም። ቀሪው ራሱ ታምሩ ነው፤ አስተናጋጁ፣ የይርጋለሙ ልጅ፣ ጴንጤው። እሱ ሁሉንም ይበላል። ችግሩ ታምሩን እናቱ ያሳደገችው የቀረበልህን ምግብ ክፉ ስም አታውጣለት ብላ ነው። ምንም ቢያጎርሱት የሚለው አንድ ነው፤ «ጥሩ ነው፣ ተመስገን።» አንድ ጊዜ ያረረ ሩዝ በልቶም ይህንኑ ብሏል።

ጓድ ግዛቸውስ? እሱማ በየስብሰባው ጾም የኋላ ቀርነት ምልክት ነው እያለ የሚናገር ሰው ነው። አስካለ ደፍራ ጠየቀችው። «እኔንማ ባልጠየቅሽኝ» አለ ሆዱን ይዞ። «ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል። ሐኪም ከደረቅ ዳቦና ከድንች በቀር ከልክሎኛል።»

ሁዳዴው በዚህ ሁኔታ ቀጠለ። ሙሴ ፔዮ ያበስላል፣ አስካለ አብራው እየሠራች ታሸታለች፣ ሌሎቹ እንደየሃይማኖታቸው ይቀምሳሉ። መጀመሪያ የመጣው ቶሮ የሚሉት የባስክ ዓሣ አጥማጆች ሾርባ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ከቲማቲምና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ፣ የዓሣው ጭንቅላትና አጥንት ሳይቀር ተጨምቆ። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አስካለ ለካህናቱ ትታዋለች፤ እሷ አትበላም። ጠሀ ግን አንድ ማንኪያ ወሰደ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሁለተኛም ወሰደ።

«ይሄን ሐይቅ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ» አለ። «ዓሣው ይህን ያህል ነገር ሆዱ ውስጥ ደብቆ ነበር ለካ። ለሚስቴ ለፈትያ በጣሳ አድርጉልኝ፣ አለዚያ አታምነኝም።»

ታምሩ ጥሩ ነው፣ ተመስገን አለ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሙሴ ፔዮ ከሻንጣው አንዲት ቆርቆሮ አውጥቶ ከፈተላት። ቀይ ዱቄት ነው። አስካለ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷ በራ።

«በርበሬ ናት። ጉልበቷን ግን የት ጣለችው?»

ሙሴ ፔዮ ሳቀ፣ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ኤስፔሌት ከሚባል መንደር የመጣች ናት አላት፤ እዚያ በመከር ጊዜ በርበሬውን በክር ሰክተው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ መንደሩ ሁሉ ቀይ ይሆናል።

«እኛ ግቢ ውስጥ ነው የምናሰጣው» አለች አስካለ። «የውጭ ግድግዳ ላይ ብንሰቅለውማ ጎረቤት ነው ወስዶ የሚያደርቅልን።»

በዚያች በርበሬ አሾዋ የሚባል የጥጃ ሥጋ ክትፍትፍ ሠሩ። ታምሩ ሦስት ሳህን በልቶ ጥሩ ነው፣ ተመስገን አለ። በማግሥቱ ሆዱ ውስጥ ክሬም ያለበት የባስክ ኬክ ጋገሩ። ሮም የሚሉት አረቄ አለበት ሲባል ጠሀም ታምሩም እኩል ማንኪያቸውን አስቀመጡና ሙሴ ፔዮ ኬኩን ብቻውን በላው፣ በጣም አዝኖ። ለአስካለ ያን ቀን ትንሽ ቀለላት፤ የማይቀምሰው እሷ ብቻ አይደለችማ።

ዋናው ነገር ካሱሌ ነበር። በመጋቢት ወር ከፈረንሳይ አሥራ ሁለት እንግዶች ለምሳ ይመጣሉ ተብሏል፤ ሁለቱ የቱሉዝ ከተማ ሰዎች ናቸው። ካሱሌ ደግሞ የቱሉዝ ሰው የሚማልበት ምግብ ነው። ሙሴ ፔዮ ልጅ ሆኖ ሙያ የለመደው እዚያ ስለሆነ አደራው ከብዶታል። አስካለ ምን ይሆን ብላ ስትጠብቅ ጠሀ ከግምጃ ቤት አንድ ጆንያ ነጭ ቦሎቄ ተሸክሞ መጣ።

«ቦሎቄ ነው እንዴ?» አለች። «ይሄ ሁሉ ወሬ ለጾም ቦሎቄ?»

ለቦሎቄ ነበር። እሷና ጾመኞቹ ሴቶች በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንፍሮ አድርገው የሚበሉት ያው ቦሎቄ፣ ከበግ ሥጋና ከበግ ቋሊማ ጋር በሸክላ ድስት ተደርጎ፣ በምድጃ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጦ፣ ላዩ ቡናማ ቅርፊት ሲያወጣ ካሱሌ ይሆናል። በአገሩ የአሳማ ሥጋም ይገባበታል፤ ሙሴ ፔዮ ይህን ሊናገር ሲጀምር ጠሀን አየና በግ ይሻላል ብሎ ዘጋው። የመጀመሪያው ድስት ከምድጃ ሲወጣ አስካለ ክዳኑን ከፍታ ከሁልጊዜው ረዘም አድርጋ አሸተተች። ምራቋ ሞላ። ያን ጊዜ ጾሙ ከበዳት፣ ሐሰት አልናገርም፤ ፋሲካ ሩቅ ሆነባት።

ሙሴ ፔዮ አይቷታል። ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ካሱሌ ቀድቶ ፊቷ ደረደረ፤ አንዱ ጨው የሌለው፣ አንዱ ልክ የሆነ፣ አንዱ የበዛበት። ለይ አላት። አስካለ ሦስቱንም አሸተተችና ሳህኖቹን በተራቸው አስተካክላ አስቀመጠች። ልክ ነበረች።

«ዕድል ነው» አለ ሙሴ ፔዮ። ወረቀቱ ላይ አልፈረመም።

የምሳው ቀን ደረሰ። ሙሴ ፔዮ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ሙቀቱ በርትቶበት ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ ውሎ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ ቢሉት አልሰማም። ጠዋት ሲመጣ አፍንጫው ቀልቷል፣ ዓይኑ ያነባል፣ መሐረቡን ከእጁ አይለይም።

«ጉንፋን ነው፣ ሙሴ» አለችው አስካለ። «ዛሬ እኔ ላሽትት።»

«አፍንጫ ያንተ፣ ምላስ የኔ» አለ። አራቱንም የካሱሌ ድስት ራሱ ያዘ።

አራት ሰዓት ላይ ቀመሰ፣ ጨው ጨመረ። አምስት ሰዓት ላይ ቀመሰ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ደግሞ ጨመረ። አስካለ ማዶ ሆና ሰላጣ ስታጥብ ሽታው መጣባት። ተቆጥቷል። እጇን አደራርቃ መጣችና የአንዱን ድስት ክዳን ከፈተች፣ የሁለተኛውን ከፈተች። አራቱም እሳት የጎረሱ ናቸው።

«ሙሴ፣ ጨው በዝቷል።»

«ምንም ጨው የለውም» አለና ማንኪያውን አፉ ውስጥ አስገባ። «ምንም። ውኃ ነው።» የጨው ዕቃውንም እንደገና አነሣ።

አስካለ እጁን ያዘችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላደረገችውን ነው ያደረገችው፤ የአለቃ እጅ ይዛ አታውቅም። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው አዩዋት። ተሳስታ ከሆነ ወረቀቷ እዚህ ላይ አለቀ፣ ልክ ሆና ዝም ካለች ደግሞ ምሳው ያልቃል።

በዚህ መሐል ጓድ ግዛቸው እንግዶቹ በመኪና ደርሰዋል ሊል ገባ። ሙሴ ፔዮ አንድ ማንኪያ ካሱሌ ቀድቶ ወደ እሱ ዘረጋ። «አንተ ግዛቸው፣ ቅመስ። ፍረድ።»

ጓድ ግዛቸው ወደ ኋላ ሸሸ። «ጨጓራዬ...»

«አንድ ማንኪያ ሰው አይገድልም።»

ሥራ አስኪያጁ ማንኪያውን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ በመጨረሻ አስካለን አየ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ጨጓራ የሚያመው ሰው እንዲህ አይደለም የሚፈራው። አስካለ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ በሁዳዴ ሰው ቤት ሄዳ ቅቤ የገባበት ወጥ ሲቀርብላት የራሷ ዓይን እንዲህ ነው የሚሆነው። ደረቅ ዳቦውና ድንቹ ወዲያው ገባት። ይህ በስብሰባ የሚፎክረው ሰው፣ ለካ ከእሷ ጋር እኩል እየጾመ ነው።

«ተዉት፣ ሙሴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጨጓራ አጉል ነገር ነው። ታምሩ ይቅመስ።»

ጓድ ግዛቸው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

ታምሩ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ ሳህን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ተጠራ። ማንኪያውን ጎረሰ። ሁሉም አፉን አፉን ያዩታል። አኘከ፣ ዋጠ። ጥሩ ነው፣ ተመስገን እስኪል ጠበቁት። ታምሩ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ከንፈሩን ጠረገ። ዝም አለ።

ሙሴ ፔዮ ትንሽ ጠበቀው። ከዚያ የጨው ዕቃውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሃያ ደቂቃ አለ» አለ። «ቱሉዝ ሰዎች... እኔ ምን ሠራሁ?»

አስካለ ጥግ ላይ ወዳለው ትልቅ ድስት ሄደች። የጾመኞቹ ቦሎቄ ነው፤ ጠዋት የተጣደ፣ በደንብ የበሰለ፣ ገና ጨው ያልነካው፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን የሚጠብቅ። ሴቶቹን ዞራ አየቻቸው። ምሳቸው ነው። አንዷ «እኛ በአዋዜ እንበላለን፣ ውሰጅው» አለቻት። ጨው ጨው ያለውን መረቅ ቀነሰች፣ የጾሙን ቦሎቄ ከነውኃው ለአራቱ ድስት አካፈለች፣ ከሥጋው ጋር ቀስ ብላ አዋሐደች፣ ላዩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ በትና ወደ ምድጃው መለሰችው። ሾርባውና አሾዋው እየቀረበ ጊዜ ተገኘ። ድስቶቹ ሲወጡ በየተራ አሸተተቻቸው። ሽታው በርዷል፣ ልክ ሆኗል። ክዳኑን መለሰች።

ጠሀ በበሩ ቀዳዳ እያየ ወሬ ያቀብላል። «ጓድ ግዛቸው ዳቦ እየበላ ነው... አንዱ ሽማግሌ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ ነው... ሁለተኛ አስጨመረ።» ሽማግሌው በመጨረሻ ራሱ ወደ ወጥ ቤት መጣ፤ የቱሉዙ ሰው ነው። ሙሴ ፔዮን አቅፎ ብዙ ነገር ተናገረ። ሙሴ ፔዮ አፍንጫውን ናፈጠና በጣቱ ወደ አስካለ አመለከተ። ሽማግሌው የአስካለን እጅ ይዞ ሳመ፤ እሷም ግራ ገብቷት መልሳ የሱን ሳመች።

ይፈርማል ብላ ጠበቀች። አልፈረመም።

«አፍንጫህን አምናለሁ» አላት። «አሁን ምላስህን ላየው እፈልጋለሁ። የሠራኸውን ሳታውቀው እንዴት ልፈርም? ፋሲካ እጠብቃለሁ።»

ጓድ ግዛቸውም ደብዳቤው እስከ ፋሲካ ከመሳቢያ እንዳይወጣ አደረገ። ለምን እንደሆነ ለማንም አላብራራም።

የፋሲካ ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። አስካለ ሌሊቱን ስታስቀድስ አድራ፣ ነጭ ለብሳ፣ ድካሟን ረስታ መጣች። ሙሴ ፔዮ ብቻውን ሲሠራ ነው ያረፈደው። ጉንፋኑ ድኗል። ለጠሀ ሾርባውንና ያለ ሮም የተጋገረ ኬክ ለይቶለታል፤ ታምሩም ወዲያው የጠሀ ወገን ሆነ። አስካለን ከፊት አስቀመጣትና ካሱሌ ቀዳላት። ወረቀቱ ሳህኑ አጠገብ ነው። ልታሸት ጎንበስ ስትል አፍንጫዋን በሁለት ጣቱ ያዘ።

«ዛሬ ይሄ ሥራ የለውም» አለ።

አስካለ ማንኪያዋን አነሣችና ጎረሰች።

ለብዙ ጊዜ በስልክ ብቻ የምታውቁት ሰው አንድ ቀን በር አንኳኩቶ ይገባል አይደል፤ እንደዚያ ሆነባት። ነጭ ሽንኩርቱን ታውቀው ነበር፣ የበጉን ስብ ታውቀው ነበር። ቦሎቄው ግን ምላስ ላይ እንዲህ እንደሚቀልጥ አፍንጫ ከየት ያውቃል? ቅርፊቱ ጥርስ ሥር ኩርሽም ሲል ደግሞ ማን ነግሯት? ዓይኗ እንባ ሞላ። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት፤ ያን ሁሉ ቀን በእጇ ይዛው የኖረችው ነገር ይሄን ያህል መልካም እንደነበር አሁን ነው የገባት። ወረቀቷን አየች። ደግ ቃል ብትናገር እንደሚፈረምላት ታውቃለች። ማንኪያውን ላሰችና ትንሽ አሰበች።

«ጨው አነሰው» አለች።

ሙሴ ፔዮ የራሱን ማንኪያ አንሥቶ ቀመሰ። አንዴም ደገመ። ሆን ብሎ አሳንሶት ይሁን ረስቶት እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንድ ቁንጥር ጨው በተነበት፣ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ፈረመ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጓድ ግዛቸው ገፋው።

ጓድ ግዛቸው ለመፈረም እጁ ነጻ አልነበረም። አንዱን ሳህን አሾዋ ጨርሶ ሁለተኛውን ካሱሌ አጋምሷል፤ ሃምሳ አምስቱ ቀን የሚያሳድደው ይመስል ነው የሚበላው። ጣቱን ጠርጎ ፈረመ፤ ጥግ ላይ ትንሽ የስብ ጠብታ ቀረች። ወረቀቱን ለአስካለ ሲያቀብላት ጎንበስ ብላ እሱ ብቻ እንዲሰማ ጠየቀችው።

«ጓድ፣ ጨጓራዎ እንዴት ሆነልዎ?»

ጓድ ግዛቸው ወዲያና ወዲህ አየ። «ዛሬ ሌሊት» አላት በሹክሹክታ፣ «ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቀቀኝ።»

«እንኳን አደረሰዎ» አለች የወጥ ቤት ኃላፊዋ፣ ሳህኑንም እንደገና ሞላችለት።